የቡሎን ዋጋ በቡና ወቅት፤ ያረጀ ሞተር፣ የካፋ ዝናብና የችኮላ ኪሳራ

ወቅቱ የቡና መልቀሚያ ነው እንበል። ከቦንጋ ራቅ ካለች የገጠር ቀበሌ እሸት ቡና ጭኖ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ የሚገሰግስ አንድ ያረጀ አይሱዙ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣበታል። ሾፌሩ ጥግ ይዞ ሲያቆም ከሞተሩ ፊት ለፊት ውኃ ይንጠባጠባል። በሽታው ወዲያው ይታወቃል፤ የውኃ ፓምፑ ነው። መለወጫውም ተፈልጎ ተገኘ። ፓምፑን ከያዙት ቡሎኖች ሦስቱ እሺ ብለው ወጡ፤ አራተኛው ግን እምቢ አለ።

“ጋሼ፣ ዘይት ላጠጣውና ትንሽ እንታገሰው” ይላል መካኒኩ። ባለ መኪናው ሰዓቱን ያያል፣ ጭነቱን ያያል። “አይ አንተ ልጅ! ቱቦ ጨምርበትና በለው እንጂ! ቡናው እኮ እየሞቀ ነው” ይላል። ቱቦው በቁልፉ እጀታ ላይ ይሰካል፤ ሁለት ሰው ይንጠለጠልበታል። ቀጭ! ቁልፉ ዞረ። የዞረው ግን ቡሎኑ አልነበረም። ጭንቅላቱ ቁልፉ ውስጥ፣ ወገቡ ሞተሩ ውስጥ ቀርቷል።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። አሮጌ መኪና ያሠራ ነጋዴ ሁሉ በየተራው የቀመሰው ነው። ከዚያች “ቀጭ” ከምትል ድምፅ በፊት ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ከዚያች ድምፅ በኋላ ግን የቀናት ሥራ ሊሆን ይችላል። ቡሎን ሲጣበቅ ርካሹ መሣሪያ ጊዜ ነው፤ ውዱ መሣሪያ ጉልበት ነው። ነጋዴው በገዛ ገንዘቡ የሚያዝዘው ብዙውን ጊዜ ውዱን ነው።

አሮጌው ሞተር ካፒታል ሆኗል

ለመሆኑ የገበያ ገጽ ስለ ቡናና ስለ ዶላር እንጂ ስለ አንዲት ዝገታም ቡሎን ምን አገባው? የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ያለው ዋጋው ላይ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ረጅም ዘመን ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ደግሞ የሚገዛው በዶላር ነው።

ውጤቱን የመኪና ደላላ ሁሉ ያውቀዋል። ቀድሞ “በቃው” ተብሎ ለቆራሌው ሊሰጥ የነበረ መኪና ሞተሩ እየታደሰ ይሠራል። አሮጌ ሞተር ቆሻሻ መሆኑ ቀርቶ ካፒታል ሆኗል። ካፒታል ከሆነ ደግሞ የሚፈታና የሚገጥም እጅ ሁሉ የባለቤቱን ገንዘብ እየነካ ነው ማለት ነው።

ቦንጋ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከተማይቱ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ ከሆነች ወዲህ የመኪናው እንቅስቃሴ ጨምሯል። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከጅማ ደግሞ የጎጀብን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መርካቶ ሱማሌ ተራ ላይ በእግር ተሂዶ የሚገኝ ዕቃ ቦንጋ ላይ የአንድ ቀን ጉዞ ይጠይቃል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ጋራዥ “ይሰበር፣ ችግር የለም” የሚባልለት ቡሎን በካፋ ሲሰበር ሌላ ዋጋ አለው።

ዝገት ያበጠ ብረት ነው

ካፋ ዝናብ የማይለየው አገር ነው፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ክልልነት የመዘገበውን ደን ያለመለመው፣ ቡናውንና የውሽውሽን ሻይ ያፋፋው ይኸው ዝናብ ነው። ለብረት ግን ወዳጅ አይደለም።

ዝገት የተበላ ብረት ብቻ አይደለም፤ ያበጠ ብረትም ነው። ብረት ከውኃና ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሲዝግ ከቀድሞው የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። በቡሎኑና በጉድጓዱ ጥርሶች መካከል ያለችው ጠባብ ክፍተት በዝገት ስትሞላ ቡሎኑ እንደተወተፈ ይቀራል። ከገጠር መንገድ የሚረጨው ጭቃ ደግሞ እርጥበቱን እዚያው አቅፎ ያቆየዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። የጭስ ማውጫውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ቡሎኖች በየቀኑ ይግላሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ብረቱ ራሱ ይደክማል። ከሁሉም ይልቅ በቀላሉ የሚሰበሩት እነዚህ ናቸው።

ሦስተኛው የሁለት ብረቶች ጠብ ነው። በብዙ ሞተሮች ቴስታታው ወይም የውኃ ፓምፑ ቤት አሉሚኒየም ሆኖ ቡሎኑ ብረት ነው። ሁለቱ በእርጥበት ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላና ነጭ ዱቄት ይሠራል፤ ዱቄቱም እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። በተለይ ራዲያተሩ ውስጥ ተገቢው ፈሳሽ ሳይሆን የወንዝ ውኃ ብቻ ሲሞላበት ለኖረ ሞተር ይህ የታወቀ በሽታ ነው።

አራተኛው የሰው እጅ ነው። ባለፈው ጊዜ የገጠመው ሰው ከልክ በላይ አጥብቆት ወይም ጥርሱን አጣሞ አስገብቶት ይሆናል። የዛሬው መካኒክ የሚታገለው ብዙ ጊዜ ከዝገት ጋር ሳይሆን ከትናንትናው መካኒክ ጋር ነው።

አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት

ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ቴስታታ፣ ቶርኖ፤ የጋራዣችን ቋንቋ ከጣሊያን የተወረሰ ነው። በመንገዱ ላይ ያሉት መኪኖች ግን አብዛኞቹ የጃፓን ናቸው፤ ኪሳራው የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

በቶዮታና በአይሱዙ ሞተሮች ላይ በብዛት የሚገኙት የቡሎን ጭንቅላቶች 10፣ 12፣ 14 እና 17 ሚሊ ሜትር ናቸው። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡሎን በጃፓኖቹ ዘንድ ብዙውን ጊዜ 12 ቁልፍ ሲይዘው፣ በፊያት፣ በመርሴዲስ ወይም በላዳ ላይ ግን 13 ነው። በቆዩ ላንድ ሮቨሮች ላይ ደግሞ በኢንች የሚለካ ይገኛል፤ ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። በአይን ሲታዩ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። 13 ቁልፍ በ12 ጭንቅላት ላይ ሲገባ ይገባል፤ ኃይል ሲጨመርበት ግን ጠርዙን ይልጠዋል። ስድስት ማዕዘን የነበረው ክብ ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት ነው። ጭቃውና ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ፤ ቁልፉ እስከ ታች ይግባ። ሁለተኛው የሶኬት ቁልፉን ውስጥ ማየት ነው። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ሶኬት ለመሥራት ይመቻል፤ ነገር ግን የሚይዘው የጭንቅላቱን ጠርዝ ብቻ ነው። ለተጣበቀ ቡሎን ስድስት ማዕዘን ያለው ሶኬት ይሻላል። ጥራት ያለው አንድ ባለ 12 ሶኬትና አንድ ባለ 14 ሶኬት ገዝቶ መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ለባለ አሮጌ መኪና የቅንጦት ወጪ አይደለም።

ቱቦውን በተመለከተ አንድ ቀላል ሒሳብ እናስላ። 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ላይ የሚያርፍ የእጅ ኃይል እጀታው በቱቦ 80 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 4 እጥፍ ይሆናል። ቡሎኑ ግን አልወፈረም። ተራ ጥንካሬ ያለው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ሲገጠም የሚጠይቀው 25 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም አንድ ሰው በአጭር ቁልፍ በቀላሉ የሚያደርገው ነው። ቱቦ ለጎማ ዳዶ እንጂ ለውኃ ፓምፕ ቡሎን አልተፈጠረም።

ዘይት፣ መዶሻና ትዕግሥት

ቁልፉ ልክ ሆኖ ቡሎኑ እምቢ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይፈስበታል። በቆርቆሮ የሚሸጠው እስፕሬይ ካለ መልካም ነው፤ ከሌለ ብዙ መካኒኮች አሴቶንን ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለው ይጠቀማሉ። ድብልቁ ቀለምና ፕላስቲክ ይበላል፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋልና ጥንቃቄ ያሻል። ሁለቱም ከጠፉ ናፍጣ ከምንም ይሻላል፤ ሥራው ግን አዝጋሚ ነው።

ዋናው ነገር የዘይቱ ዓይነት ሳይሆን የሚሰጠው ጊዜ ነው። ዘይት በዝገት መካከል ሾልኮ ለመግባት ሰዓት ይፈልጋል። ማታ አጠጥቶ ጠዋት መፍታት ከሁሉ ይበልጣል። ጊዜ ከሌለ በየሩብ ሰዓቱ ጠብ እያደረጉ፣ በመካከሉ ጭንቅላቱን በመዶሻ ቀጥ አድርጎ ቸብ ቸብ ማድረግ ነው። ምቱ የሚሰብር ሳይሆን የሚያንቀጠቅጥ መሆን አለበት፤ ዝገቱ ሲሰነጠቅ ዘይቱ መንገድ ያገኛል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብዙውን ሰው የሚያስገርም ነው። ቡሎኑ ከመፈታቱ በፊት ትንሽ ወደ ማጥበቂያው በኩል ይነካ። ዝገቱ በዚያ በኩል ከተሰበረ ወደ መፍቻው በኩል ይቀልለዋል። መንቀሳቀስ ሲጀምርም እየተሳበ አይወጣም፤ ሩብ ዙር ወደ ውጪ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ዘይት ጠብ፣ ደግሞ ሩብ ዙር ወደ ውጪ። እጅ ላይ ልስልስ የሚል፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ስሜት ከተሰማ ቡሎኑ እየተጠመዘዘ ነውና ይቁም። ይህን ስሜት የሚያውቅ መካኒክ ነው ሂሳብ የሚያድነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው ሁሉ፣ ጋራዥ ውስጥም የሚፈሰው ገንዘብ ነው።

እሳት የሚጠቅመው መቼ ነው?

ዘይት ያላሸነፈውን ሙቀት ያሸንፈዋል። ቁም ነገሩ የሚሞቀው ምኑ እንደሆነ ማወቅ ነው። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። ዓላማው ጉድጓዱ እንዲሰፋና ቡሎኑ እንዲላቀቅ ስለሆነ በተቻለ መጠን የሚሞቀው ዙሪያው እንጂ ቡሎኑ አይደለም። አሉሚኒየም በተመሳሳይ ሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ የብረት ቡሎን በአሉሚኒየም ውስጥ ሲጣበቅ ሙቀት ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን አሉሚኒየም ሳይቀላ ድንገት ይቀልጣልና ነበልባሉ አንድ ቦታ ላይ አይቆይ። ከሞቀ በኋላ የሻማ ሰም ማስነካትም የቆየ ዘዴ ነው፤ ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መካከል ይሰርጋል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የነዳጅ መስመር፣ ባትሪ፣ ላስቲክና ዘይት የጠጣ ጨርቅ በአካባቢው ካለ እሳቱ ይቅር። አንዳንድ የፍሬን ማጽጃ ፈሳሾች ክሎሪን ስላለባቸው ሲቃጠሉ መርዘኛ ጋዝ ያወጣሉ፤ በእነዚህ የታጠበ ዕቃ ፈጽሞ በነበልባል አይነካ። አሸዋና ውኃ በአጠገብ ሳይቀመጥ እሳት የሚለኩስ ጋራዥ ካለ፣ መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

ጭንቅላቱ ሲበላ፣ ወገቡ ሲቀር

ጭንቅላቱ ክብ ሆኖ ቁልፍ አልይዝ ያለ ቡሎን ገና ተስፋ አለው። ጥቂት ያነሰ ስድስት ማዕዘን ሶኬት በመዶሻ መትቶ ማስገባት ይቻላል፤ ለምሳሌ የ12ቱ ጭንቅላት ከተበላ 11 ቁልፍ ይሞከራል። አለዚያም ሁለት ጎኑን በሊማ ሞርዶ በጠንካራ መቆንጠጫ መያዝ ነው። በጃፓን ሞተሮች ላይ ያሉ የመስቀል ቅርጽ ቪቴዎች በተራ ካቻቪቴ የሚበሉት የመስቀሉ ቅርጽ ትንሽ ስለሚለያይ ነው፤ እነዚህን በመዶሻ ሲመታ የሚዞረው መፍቻ በአንድ ምት ይገላግላቸዋል።

ቡሎኑ ተሰብሮ ትንሽ ወደ ውጪ ከቀረ ጥሩው ዘዴ ብየዳ ነው። በቀረው ጫፍ ላይ ዳዶ አስቀምጦ በዳዶው ቀዳዳ በኩል መበየድ። ብየዳው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መያዣ ይሰጣል፣ ቡሎኑንም ከውስጥ ያግለዋል። ትንሽ ሲቀዘቅዝ በቁልፍ ይሞከራል። አንዴ ቢላቀቅ ደግሞ መበየድ ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሙከራ የተለመደ ነው። ከብየዳው በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል፤ አለዚያ የአንድ ቡሎን ጉዳይ የዲናሞ ጉዳይ ይሆናል።

ከገጽ እኩል ወይም ከዚያ ወርዶ ከተሰበረ የሚቀረው መብሳት ነው። በትክክል መሐሉ በቡሊኖ ይመታ፣ በቀጭን ፑንታ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይወፈር። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ቡሎን በ6.8 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ በ5 ሚሊ ሜትር ተበስቶ ጥርሱ በማስኪዮ ሊጸዳ ይችላል። ፑንታው ካፈነገጠ ግን የሚበላው ሞተሩ ነው።

በገበያ የሚሸጠው ወደ ግራ የተጠማዘዘው የተሰበረ ቡሎን ማውጫ ሲጠቅም ይጠቅማል፤ አደጋውን ግን ሻጩ አይናገርም። መሣሪያው እጅግ ጠንካራና ተሰባሪ ብረት ነው። ቁልፍ ያላሸነፈውን ዝገት በቀጭኑ ማውጫ ማሸነፍ ይከብዳል፤ ውስጥ ከተሰበረ ደግሞ ተራ ፑንታ አይበሳውም። ያን ጊዜ ቴስታታው ተነቅሎ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት መሄዱ ነው። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ እምቢ ካለ ይቁም የሚለው መመሪያ የፈሪ ሳይሆን የሒሳብ አዋቂ መመሪያ ነው።

ጥርሱ የተበላ ጉድጓድም አይጣልም። ቶርኖ ቤት ሰፋ ተደርጎ ቡሽ ይገባለታል፣ ወይም ሄሊኮይል የሚባለው የሽቦ ጥርስ ይገጠምለታል። በትክክል ከተሠራ በአሉሚኒየም ውስጥ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጠነክራል። ሙጫና ሲሊኮን ሞልቶ “ይይዛል” የሚልዎት ሰው ግን የሚይዘው የእርስዎን ብር ነው።

ስሌቱ እነሆ

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። አይሱዙው የጫነው 50 ኩንታል ነው እንበል። ይህ 5,000 ኪሎ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ በማዳበሪያ ውስጥ ይሞቃል፣ መፍላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ደረጃውም ይወርዳል። በኪሎ 1 ብር ብቻ ቢወርድ ኪሳራው 5,000 ብር፣ 5 ብር ቢወርድ 25,000 ብር ነው። በዚህ ላይ የጉዞው ገቢ፣ የሾፌርና የረዳት አበል፣ የቶርኖና የማጓጓዣ ወጪ ይደመራል።

ታዲያ ባለ መኪናው መቸኮሉ ትክክል አይደለምን? ነው። የሚሳሳተው የሚያስቸኩለውን ነገር በመምረጥ ነው። መቸኮል ያለበት ጭነቱን ወደ ሌላ መኪና ለማዛወር ነው እንጂ ቡሎኑን ለመፍታት አይደለም። ሌላ መኪና ተከራይቶ ቡናው በዚያው ቀን ከደረሰ ሞተሩ እስከ ጠዋት ዘይት ሲጠጣ ቢያድር የሚጎዳ የለም። ጭነቱ ጀንፈል ከሆነ ደግሞ ደረቅ ነውና ከዝናብ እስከተጠበቀ ድረስ ለማደር አይፈራም። ቡናውና ቡሎኑ ሁለት የተለያዩ ሰዓት አላቸው፤ ኪሳራ የሚመጣው ሁለቱን በአንድ ሰዓት ለመሥራት ሲሞከር ነው።

ሌላው ነጥብ ስምምነት ነው። ቡሎን ሲሰበር “አንተ ነህ የሰበርከው”፣ “አይ፣ ዝጎ ነበር” የሚለው ክርክር ጋራዥንና ደንበኛን ያለያያል። መላው ቀላል ነው። መካኒኩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዝገቱን ለባለ መኪናው ያሳይ፤ ቢሰበር ማን ምን እንደሚከፍል፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ በቅድሚያ ይነጋገሩ። ባለ መኪናው “በለው!” ብሎ ካዘዘ ግን ትእዛዙ የእሱ ነውና ሂሳቡም የእሱ ነው። ለፍጥነት ብቻ የሚከፈል መካኒክ ቱቦ ያነሳል፤ በደህና ለመፍታት የሚከፈል መካኒክ ዘይት ያነሳል።

ለገዢና ለደላላ፤ ቡሎን ምስክር ነው

“ሞተሩ ያልተነካ ነው ጌታዬ፣ ቁልፍ አላየም” የምትለዋ የደላላ ቃል በየመኪና ተራው አለች። ቃሉን ከማመን በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ቡሎኖቹን ማንበብ ነው።

የቴስታታው ክዳንና የውኃ ፓምፑ ቡሎኖች ጠርዛቸው ስለታም፣ መልካቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ሞተሩ በእርግጥም ያልተነካ ወይም በጥሩ እጅ የተነካ ነው። ጠርዙ የተላጠ፣ አንዱ 12 ሌላው 13 የሆነ፣ ሮንዴላው የጠፋ፣ በሲሊኮን የተጨማለቀ ካለ ግን ሞተሩ ተከፍቷል፤ ያውም በችኮላ። የብየዳ ጠባሳ ካለ የት እንደሆነ ይጠየቅ። የኮፈኑና የፓራፋንጎው ቡሎኖች ቀለማቸው የተፋቀ ከሆነ አካሉ ተፈትቶ ነበር ማለት ነው፤ ስለ ግጭት መጠየቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ መኪናው አይገዛ ማለት አይደለም። ዋጋው ይውረድ ማለት ነው። ቀጣዩ ጥገና ከተራው የሚከብድ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት የድርድር መሣሪያ ነው። ለሐቀኛ ደላላም ቢሆን ይጠቅመዋል፤ ጉድለቱን ቀድሞ ያሳየ ደላላ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣለታል።

ሳይመሽ መፍታት

ከሁሉ የሚረክሰው ቡሎን ሳይጣበቅ የሚፈታው ነው። በካፋ የቡናው ጥድፊያ የሚጀምረው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ መኪናው ዝገቱን የጠጣውም በዚያው ክረምት ነው። እንግዲያው ጊዜው ነሐሴና ጳጉሜን ነው። የውኃ ፓምፑ፣ የቴርሞስታቱ ቤት፣ የናፍጣ ሞተር ማሞቂያ ካንዴላዎችና የጭስ ማውጫው ቡሎኖች በዚያ ሰሞን ይታዩ። የሚያጠራጥር ካለ ጭነት በሌለበት፣ ጊዜ በሞላበት ቀን ዘይት ጠጥቶ ይፈታ።

ሲገጠምም ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፤ ለሙቀት የሚሆን የግራፋይት ወይም የመዳብ ግራሶ ጥቂት ይቀባ። የተቀባ ቡሎን በትንሽ ኃይል ስለሚጠብቅ እጅ ይቀንስለት። የተበላ ጭንቅላት ያለው ቡሎን ተመልሶ አይግባ፤ አዲሱ የሚያስወጣው ጥቂት ብር ነው። የቴስታታ ቡሎኖች ሲፈቱ ከዳር ወደ መሐል፣ ሲጠብቁ ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ አንዳንድ ሞተሮች ላይ እየተለጠጡ የሚይዙ ስለሆኑ ከተፈቱ በኋላ በአዲስ ይተካሉ። ለማንኛውም ከዘመን መለወጫ በፊት አንድ ቀን ጋራዥ መዋል በኅዳር ሳምንት ከመቆም ይሻላል።

በዚያ ዳገት ላይ የቆመው አይሱዙ ባለቤት የተሸነፈው በዝገት አልነበረም። ግማሽ ቀን ለማትረፍ ሲል ሳምንት ከፈለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የተጣበቀ ቡሎንም በዚያው መንገድ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያለ ይወጣል።